ፈረሱ እንዴት ወጣ?

አቶ ይኸነው ወደ ፎቶ ቤቱ የገቡት በአንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ፈረሳቸውን ከበሩ ፊት ካለው የመብራት እንጨት ጋር አሰሩት፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የበሩን መቃን በእጃቸው ይዘው ትንሽ ቆሙና «ፎቶ ልነሣ ነው የመጣሁ» አሉ።

ፎቶ አንሺዋ የምሥራች ሌላ ነገር አልጠየቀችም። በዚያ ሰሞን ወደ ፎቶ ቤቱ የሚገባ ሽማግሌ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ለመታወቂያ የሚሆን አራት ጉርድ ፎቶ። ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ የጋቢያቸውን ጫፍ አስተካከለች፤ ከሰማያዊው መጋረጃ ፊት ቀና እንዲሉ ነገረቻቸው። እሳቸውም እንደ ታዘዙት ሆኑ። ብቻ ፊታቸው ካሜራውን ትቶ እሷን ይከተል ነበር፤ ወደ ግራ ስትሄድ ወደ ግራ፣ ስትመለስ አብሯት ይመለሳል።

«እዚህ ጋ ይዩልኝ አባባ» አለች፣ ካሜራውን በጣቷ ቆርቆር እያደረገች። ድምፁን ሲሰሙ ቀጥ ብለው አዩላት። ሽማግሌ ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ግራ እንደሚጋባ ስለምታውቅ ምንም አልመሰላትም።

አራቱን ጉርድ አትማና ቆርጣ በትንሽ ፖስታ ሰጠቻቸው። አቶ ይኸነው አንዱን አወጡና በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። ዳር ዳሩን በጣታቸው ዞሩት። ትንሽነቱ የገረማቸው ይመስላል።

«ፈረሱ እንዴት ወጣ?» አሉ።

«የቱ ፈረስ?»

«ዳማው ነዋ። በሩ ላይ የቆመው።»

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ፋንታሁን ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ሆኖ ሳቀ። «ፈረሱም መታወቂያ ሊያወጣ ነው እንዴ አባቴ?»

«ቢያወጣስ?» አሉ አቶ ይኸነው፣ ሳይቆጡ። «እዚህ ቆሰበር ከተማ ላይ ከእኔ ይልቅ የሚታወቀው እሱ ነው።»

ነገሩ ቆይቶ ተጣራ። አቶ ይኸነው የመጡት ለመታወቂያ አልነበረም። ዳንግላ የምታስተምረው ልጃቸው ዘውድነሽ፣ ሳሎኗ ውስጥ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ፈልጋለች፤ አባቷ ከነፈረሳቸው። ከፋንታሁን ጋር በስልክ ጨርሳ አባቷን ልካለች፤ ፋንታሁን ደግሞ ለየምሥራች መንገር ረስቷል። አቶ ይኸነው ካሜራው ቀጭ ሲል ሰምተው፣ ከበሩ ፊት የቆመው ፈረስም አብሮ የገባ መስሏቸዋል። ካሜራ ከሰው ዓይን ይልቅ ራቅ አድርጎ ያያል ሲባል ሰምተው ነበርና።

የምሥራች ይቅርታ ጠየቀች። ፊቷ ቀላ። እሷ እንዲህ ነበረች፤ ጥፋቱ የሌላ ሰው ቢሆንም ፊቷ ይቀላል።

ጥሊሊ ተወልዳ ያደገችው ይህች ልጅ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምራ ተመርቃ፣ ሥራ እስኪገኝ ብላ ፎቶ ቤት የገባች ናት። ሁለት ዓመት ሆናት። አሁን ሌላ ሥራ ቢገኝ እንኳ የምትሄድ አይመስላትም። ችግሩ ከፎቶ ቤቱ ውጭ የሚሠራው ሥራ ነው። በጥር አንድ ሠርግ እንድታነሣ ፋንታሁን ልኳት ነበር፤ አልበሙ ግን በሳምንቱ ተመለሰ። የሙሽራው አጎት አልበሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «እኛ ሠርግ ነው ያልናችሁ፤ እናንተ ዳኛ ፊት አቁማችሁናል» ብለው ሄዱ። እውነታቸውን ነበር። በፎቶው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እሷ ጨርሳ እስክትሄድለት የሚጠብቅ ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ጉርድና ፎቶ ኮፒ ሆነ። ፋንታሁን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ፎቶ ቤቱ እንጀራው ነው። የአቶ ይኸነውን ፎቶ እንድታነሣ ሲሰጣትም ሳያደባብስ ነው የነገራት። ይህም ከተመለሰ የውጭ ሥራውን ከዳንግላ ለሚያመጣው ፎቶ አንሺ ይሰጠዋል፤ እሷ ከሰማያዊው መጋረጃ ጋር ትቀራለች።

ፋንታሁን ስለ እሷ የሚያውቀው ሌላም ነገር ነበር፤ አልወደደውም እንጂ። በየእሑዱ ንጋት ላይ ካሜራዋን ይዛ ከመንገዱ በታች ወዳለው ሜዳ ትወርዳለች። እዚያ ባለፈረሶች ፈረሶቻቸውን ለግጦሽ ይለቃሉ። የምሥራች ፈረስ ታነሣለች። ጋማው ላይ ውርጭ ያረፈበትን፣ ከአፍንጫው ትንፋሹ እንደ ጭስ የሚወጣውን፣ ጥላው ከራሱ ረዝሞ ሣሩ ላይ የተኛውን። ሰው አታነሣም። ሰው ለማንሣት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መጠየቅ ደግሞ ይከብዳታል። ፈረስ ለምን አነሣሽኝ አይልም። የሁለት ዓመት እሑድ በአንድ ዲስክ ውስጥ ተከማችቷል፤ ለማንም አላሳየችውም። ፋንታሁን ሰኞ ሰኞ የካሜራዋ ባትሪ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው፣ «ያ የማይከፍል ደንበኛሽ እንዴት አደረ?» ይላታል።

በዚያው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ፎቶውን ከፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት አነሣች። አቶ ይኸነው ቀዩን ግላስ፣ የፈረሱን የክት ልብስ፣ በከረጢት ይዘው መጥተው ነበርና ኮርቻው ላይ ጣሉት። እሳቸውን ከፈረሱ ራስ አጠገብ አቆመቻቸው። እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው እንደ ወታደር ቀጥ አሉ። ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋ ዳማው ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ። መንገደኛው ቆሞ ማየት ጀመረ። አንዱ «አባባ ፈገግ በሉ እንጂ፣ ፈረሱ እንኳ ጥርሱን እያሳየ ነው» አለና ሰውን አሳቀ። የምሥራች አፈረች፤ ቶሎ ቶሎ ብላ አሥር ያህል አንሥታ ጨረሰች። ሦስት ደቂቃም አልፈጀባት።

ከዚያ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጣ አጸዳችው። ፎቶ ቤቱ ሁሉን ነገር ያጸዳ ነበር። የመብራት እንጨቱን፣ ባጃጁን፣ የሚስቀውን ሰው አጠፋችና በቦታው አረንጓዴ ሜዳና ሐይቅ አስገባች። የፊታቸውን መስመር አለሰለሰች። ዓይናቸው ብሌን ላይ ሁለት ነጫጭ ነጠብጣቦች ነበሩ፤ የፀሐይ ነጸብራቅ መስለዋት አጠቆረቻቸው። ፋንታሁን አይቶ ወደደው። «ሃያ ዓመት ቀነስሽላቸው» አለና በቴሌግራም ለዘውድነሽ ላከው።

በማግስቱ ስልኩን ያነሣችው የምሥራች ነበረች። የዘውድነሽ ድምፅ የአስተማሪ ድምፅ ነው፤ ቀስ ያለ፣ ግን የማይመለስ።

«ፎቶው ቆንጆ ነው» አለች። «አባቴን ግን አላገኘኋቸውም። የቆመው ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነው። ፈረሱም ወረፋ ይጠብቃል።»

የምሥራች ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ሳላስቸግርሽ፣ እባክሽ አንድ ጊዜ እንደገና ሞክሪው። ከእኔ ጋር ዳንግላ ይኑሩ ብል እምቢ አሉኝ። ልጆቼ ግድግዳ ላይ እንኳ እያዩዋቸው ይደጉ ብዬ ነው።»

ፋንታሁን ነገሩን ሲሰማ አልጮኸም። ያለው፣ እንግዲህ አንድ ጊዜ ቀርቶሻል ነው።

የዚያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ዲስኩን ከፈተች። ምን እንደምትፈልግ አታውቅም ነበር። የእሑድ ፈረሶቿን አንድ በአንድ አሳለፈች። ባለፈው መስከረም ያነሣቻት አንዲት ባዝራ ላይ ስትደርስ ቆመች። ባዝራዋ ወደ ውርንጭላዋ ጆሮዋን አዙራለች፤ አንገቷ ግን ወደ ሌላ ነው። ያቺ ጆሮ እስክትዞር የምሥራች ከአርባ ደቂቃ በላይ እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጣ እንደነበር ትዝ አላት። ጉልበቷ ረጥቦ ነበር፤ ግን አልተሰማትም።

ከዚያ የሠርጉን አልበም አሰበች። ማንን ነው አርባ ደቂቃ የጠበቀችው? ማንንም። ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው ብላ ስለምትጨነቅ፣ እሷ ደንበኛን ጠብቃ አታውቅም ነበር። የእሑዷ ፎቶ አንሺና የሰኞዋ ፎቶ አንሺ ሁለት ሰዎች ሆነው ኖረዋል፤ አንዷ የምታውቀውን ሌላዋ አታውቅም።

ቅዳሜ አቶ ይኸነው ገበያ ሲወጡ መንገድ ላይ ጠበቀቻቸው። ልትላቸው የፈለገችውን ከጠዋት ጀምሮ በልቧ ስትደጋግመው ነበር። ነገ ማለዳ ቤትዎ ድረስ ልምጣ፤ ይቅርታ፣ ከቅዳሴ ያስቀርዎታል፤ ግን እዚያው ልጠብቅዎት፤ ያለ ግላስ፣ ያለ አዲስ ጋቢ።

«ምን ላድርግልሽ ታዲያ?» አሉ አቶ ይኸነው ከኮርቻው ላይ።

«ምንም አባባ። እንደ ወትሮው ይሁኑ።»

«እሱማ ከባድ ነው» አሉና ሳቁ። «ሰው እያየኝ እንደ ወትሮው ሆኜ አላውቅም።»

እሑድ ገና ጎሕ ሲቀድ ደረሰች። የአቶ ይኸነው ቤት ከዘንገና መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ከጓሮው ጥቅጥቅ ያለ ቀርቀሃ አለ፤ በምሥራቅ በኩል ባሕር ዛፍ ተሰልፏል። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። የምሥራች አካባቢውን አንድ ጊዜ ቃኘችና የምትቀመጥበትን ድንጋይ መረጠች። በየካቲት ፀሐይዋ ከባሕር ዛፉ ጫፍ የምትወጣው አንድ ሰዓት ሲሆን ነው። ከዚያ በፊት ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ የማንንም ዓይን አያስጨፍንም። ከጥቁር ቀርቀሃ ፊት የቆመ ፈረስ ደግሞ ትንፋሹ ይታያል። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ማንም ባልከፈለበት የሁለት ዓመት እሑድ ነው ያወቀችው።

አቶ ይኸነው ዳማውን ከበረት አወጡት። ግንባሩ ላይ ቦቃ ያለበት፣ ሰውነቱ የሞላ፣ ረጋ ያለ ፈረስ ነው። አቶ ይኸነው ጥቂት ሠርተው ቀጥ አሉ።

«ተነሣሁ?»

«ገና ነው አባባ።»

ውኃ በባልዲ አቀረቡለትና እንደገና ቀጥ አሉ። «አሁንስ?»

«ገና ነው።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሲቆሙ ትንሽ አዘኑላት። «ልጄ፣ ዕቃሽ ተበላሸ እንዴ? ካልሆነ ሌላ ቀን ትመጫለሽ።»

«አልተበላሸም። እኔ እዚህ ደህና ነኝ። ሥራዎን ይሥሩ።»

ከዚያ ጊዜ አለፈ። እጇ ቀዘቀዘ። በፊት ቢሆን ይህን ዝምታ አትችለውም ነበር፤ ሽማግሌውን አቁሜ አቆየሁ ብላ አሥር ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርጋ ትሄድ ነበር። አሁን ግን ባዝራዋን እንደጠበቀች ጠበቀች። አቶ ይኸነውም ቀስ በቀስ ረሷት። ከፈረሱ ጋር በአውኚ ማውራት ጀመሩ። የምሥራች በእናቷ ቋንቋ የሚነገረውን ሁሉ ትሰማለች። ገብስ ዘንድሮ እንደ ተወደደ ነገሩት። የጎረቤታቸው የአወቀ ከብት አጥር ጥሶ እንደ ገባ ነገሩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንተ ካልነገርሃት እኔ አልነግራትም አሉት። ማንን እንደሆነ፣ ምኑን እንደሆነ የምሥራች አልገባትም።

እጃቸውን ቦቃው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ትከሻው ወረዱ። መዳፋቸው አንዲት ስንዝር ሳይዘል በፊት እግሩ ላይ ቁልቁል ተጓዘ። ዳማው ማንም ሳይነግረው እግሩን አነሣና ሰኮናውን መዳፋቸው ውስጥ አኖረላቸው። አቶ ይኸነው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ሰኮናውን ዳሰሱ፤ አንዲት ጠጠር አገኙና ፈልቅቀው ጣሉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ወደ ሰኮናው አላዩም። ፊታቸው ቀና ብሎ ወደ ሰማይ ነበር።

የምሥራች በካሜራው ውስጥ አቀረበቻቸው። ሁለቱም ብሌኖች ላይ ነጭ ነገር አለ። ፀሐይዋ ገና አልወጣችም። ነጸብራቅ ሊሆን አይችልም።

አነሣች። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እንደገና።

ካሜራውን ጭኗ ላይ ስታወርድ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣላት። የበሩን መቃን መያዛቸው። ድምፅዋን መከተላቸው። ጉርዱን በአውራ ጣታቸው ማንበባቸው። ፈረሱ ፎቶው ላይ አለመኖሩን ሳያዩ መጠየቃቸው። እሷም በገዛ እጇ ያንን ነጭ ነገር አጥፍታ፣ የሚያይ ሰው አድርጋ ለልጃቸው ልካቸው ነበር።

ዝም ብላ መሄድ ትችል ነበር። ተነሥታ አጠገባቸው ሄደች።

«አባባ» አለች፣ «አያዩም አይደል?»

አቶ ይኸነው እጃቸውን ከፈረሱ ላይ አላነሡም።

«ጥላ አያለሁ» አሉ። «ሰው ሲቆም አውቃለሁ። ማን እንደሆነ ግን በድምፁ ነው።»

ሁለት ክረምት ሆኗቸዋል። መጀመሪያ ጉም መስሏቸው ነበር፤ የሁሉ ሰው ጉም ሲገፈፍ የእሳቸው አልገፈፈም። ማንም አላወቀባቸውም፤ ምክንያቱም ከፈረሱ ጀርባ እምብዛም አይወርዱም። ዳማው ወፍጮ ቤቱን ያውቃል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያውቃል፤ ገበያ መሐል የሚቆምበትን ያውቃል። ዘውድነሽ በዓል በዓል ስትመጣ ቤት ውስጥ ሁሉን በልማድ ያደርጉታል። እሷ ካወቀች ዳንግላ ትወስዳቸዋለች፤ ፈረሱም ይሸጣል። ከተማ ቤት ውስጥ ማን ይመራቸዋል? የልጅ ልጅ እጅ ይዘው በረንዳ መውጣትና መግባት ብቻ ነው የሚቀራቸው።

የምሥራች አሰበችበት። ሥራዋን አሰበች፤ ሰማያዊውን መጋረጃም። ከዚያ እውነቱን ነገረቻቸው። ያነሣችው ፎቶ ይህን ይናገራል። የሚያየው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ልጃቸውማ ቀድማ ታውቃለች። ሌላም ፎቶ አላት፤ ከፈረሱ ጋር ሲያወሩ ከጀርባቸው ያነሣችው፤ ፊታቸው አይታይም፤ ምንም አይናገርም። ከፈለጉ እሱን ትልካለች።

«እሱ ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው እርስዎ ነዎት» አለች።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ምን አለበት?»

ሰው ፊት አምስት ቃል መናገር የሚጨንቃት ልጅ ያን ቀን ብዙ ተናገረች። ከኋላ ያለውን ጥቁር ቀርቀሃ ነገረቻቸው። የዳማው ትንፋሽ ነጭ ሆኖ በጉንጫቸው አጠገብ ማለፉን፣ አንደኛው ጆሮው ወደ እሳቸው መዞሩን፣ የጋቢያቸው ጫፍ ውርጩ ላይ መጎተቱን። እጃቸው ምን እንደሚመስል ነገረቻቸው፤ ፊታቸው ወደ ላይ ቀና ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ፊት መምሰሉን ነገረቻቸው። ዓይናቸውንም አልደበቀችም። አቶ ይኸነው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«እግሩን ሲያነሣልኝ ይታያል?» አሉ በመጨረሻ።

«ይታያል። ሰኮናው መዳፍዎ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያ እሱን ላኪላት» አሉ። «ዓይኔን ካየች እግሩንም ታያለች።»

ሰኞ ጠዋት ፎቶውን ኮምፒዩተሩ ላይ ስትከፍተው ፋንታሁን ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። ከዚያ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ማውሱ ሄደ፤ ዓይናቸው ላይ ያለውን ነጭ ሊያጸዳ ነው። የምሥራች ማውሱን በመዳፏ ሸፈነችው።

«እሱን አንነካውም ጋሼ» አለች።

እምቢ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ፋንታሁን ፎቶውን ትቶ እሷን አየ።

«ይኼን ማን አስተማረሽ?»

«የማይከፍሉት ደንበኞች።»

ሳቀ። ሳቁ ግን የሚያላግጥ አልነበረም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ሌሎቹንም ፈረሶች እንድታሳየው ጠየቃት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዲስኩን ለሰው ከፈተች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ፣ ጉርድ የሚነሣ ሲመጣ እየተነሡ፣ ሲሄድ እየተመለሱ አዩ። ባዝራዋ ላይ ሲደርሱ ፋንታሁን፣ ሠርጉን እንዲህ አድርገሽ ብታነሺው ኖሮ አጎትዬው ይስሙን ነበር አለ።

ዘውድነሽ አልደወለችም። አንድ ቀን አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። የምሥራች ስልኩ በጠራ ቁጥር ከፋንታሁን ቀድማ ታነሣው ነበር፤ የራሷን ነገር ፈርታ ብቻ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ከዳንግላ በሚኒባስ የመጣች፣ ቦርሳዋን በደረቷ ያቀፈች ሴት በሩ ላይ ቆመች። ትልቁ ፎቶ ታትሞ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ዘውድነሽ ሰላም ሳትል ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ጣቷን ወደ አባቷ ዓይን አስጠጋች፤ አልነካችውም። ከዚያ ጣቷ ወደ እጃቸው፣ ከእጃቸው ወደ ሰኮናው ወረደ፤ እዚያም ቆየ።

«መቼ ነው እንዲህ የሆኑት?» አለች።

«እሳቸው ይንገሩሽ» አለች የምሥራች።

ዘውድነሽ ራሷን ነቀነቀች። ፎቶውን እዚያው እንዲያቆዩላት ጠይቃ ባጃጅ ይዛ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። አባትና ልጅ የተነጋገሩትን የሰማ ከዳማው በቀር የለም። የምሥራች ያወቀችው በኋላ የሆነውን ነው። የዓይን ሞራ ነው ተባለ፤ ሊገፈፍ የሚችል። ከፋሲካ በኋላ ዘውድነሽ አባቷን ወደ ባሕር ዳር ወስዳ ቀኝ ዓይናቸውን አስገፈፈች። ያን ሰሞን ዳማውን ጎረቤታቸው አወቀ ጠበቀው። ፈረሱ አልተሸጠም። ክረምቱን ዳንግላ፣ በጋውን ከዳማው ጋር እንዲሆኑ ተስማሙ።

አቶ ይኸነው ድነው ሲመጡ ፈረሱን ከመብራት እንጨቱ ጋር አሰሩና የበሩን መቃን ሳይዙ ገቡ። የፎቶው ቅጂ በመስኮቱ ተሰቅሎ ነበር። አፍንጫቸው መስተዋቱን እስኪነካ ተጠግተው አዩት። የምሥራች ከጎናቸው ቆማ ጠበቀች።

«ፈረሱ እንዴት ወጣ አባባ?» አለች።

ወደ በሩ ዞረው ዳማውን አዩ፤ ተመልሰው ፎቶውን አዩ። «ፎቶው ላይ ወፍሯል» አሉ። «ያኔ እኔ ሳላይ ነበር የማበላው።»

ፋንታሁን ከዳንግላ ሰው ማምጣቱን ተወው። በግንቦት መጀመሪያ አዘና ላይ የነበረውን ሠርግ የምሥራች አነሣች። ሌላው ሰው ከመድረሱ በፊት፣ ገና ሲነጋ፣ ሙሽራዋ ቤት ሄዳ በር አጠገብ ተቀመጠች፤ ለረጅም ጊዜም ካሜራዋን አላነሣችም። አልበሙ አልተመለሰም።